ውጤቱን አይንገሩኝ

እብጠቱን ያገኘሁት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ድቡሼን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጸጉሯን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያበጠርኩላት ነበር። ድቡሼ ጊኒ ፒግ ናት። ጥንቸል ልትሆን ጀምራ መሀል ላይ ሐሳቧን የቀየረች ትመስላለች፤ ጆሮዋ አጭር፣ ጅራት የሚባል ያልተሰጣት፣ ነጭና ቡናማ የሆነች ድቡልቡል እንስሳ። የልጄ ነበረች። ልጄ ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ «እማ፣ አደራሽን» ብላ ከነሳጥኗ ትታልኝ ሄደች። እኔና ድቡሼ ብቻችንን ከቀረን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖናል።

ጣቴ ከቀኝ ጎኗ በታች ሲያልፍ አንድ ነገር ነካ። ቆምኩ። ተመልሼ ዳሰስኩ። አለ። ሽምብራ የሚያህል፣ ከቆዳዋ ሥር ወዲህ ወዲያ የሚል ነገር።

ሌላ ሰው ቢሆን «የበላችው ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። የእኔ ጣት ግን አይሳሳትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተቀባይ ነኝ። ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል። ኪስ ውስጥ የተረሳ እስክሪብቶ፣ በቀዳዳ ሾልኮ ገበር ውስጥ የገባ ቁልፍ፣ ጠርዝ ላይ ተሰክታ የቀረች መርፌ፣ ሁሉንም ዳስሼ ነው የማወጣው። ጣቴ «አለ» ካለ አለ ማለት ነው።

ክው አልኩ። ድቡሼ ግን ካሮቷን ትቆረጥማለች።

እኔ እንዲህ ነኝ። ባልጠበቅኩት ሰዓት ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል እላለሁ። ልጄ ለመልእክቴ አሥር ደቂቃ ሳትመልስ ከቆየች በሐሳቤ መኪና ገልብጬባታለሁ። ሥራ ቦታ ስሜን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «እትዬ ወየው» ነው የሚለኝ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲባል ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ እኔን ግን ደርሶብኛል። በተለይ ውጤት የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲለጠፍ ቁጥሬን ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የባለቤቴ ውጤት መጣ። እሱም የጀመረው ብብቱ ሥር በወጣች እብጠት ነበር። ከውጤቱ በኋላ አምስት ወር ቆየ። ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው።

ከዚያ ሁሉ የማይረሳኝ የሐኪሞቹ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቀና ብለው እንኳ አያዩንም ነበር። ውጤቱ የመጣ ዕለት ግን ወንበር ሳቡልን፣ ውሃ አቀረቡልን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በስማችን ጠሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም ደግ ሲሆን እፈራለሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ጠየቅኩና ድቡሼን በልብስ ቅርጫት አድርጌ፣ ፎጣ አልብሼ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጥጃ የሚያህል ውሻ የያዘ ሰውዬ ወደ ቅርጫቴ አንገቱን አሰገገ።

«ምንድን ናት? አይጥ ናት?»

«ልጄ ናት» አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

ሐኪሙ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እጁን ታጠበ። ከዚያ ወዲያው እንደ መንካት መዳፎቹን እያፋተገ ቆመ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኩት፤ የመጥፎ ነገር መጀመሪያ መስሎኝ።

«እጄ እስኪሞቅ። በቀዝቃዛ እጅ ብነካት ትጠላኛለች።»

ድቡሼን ዳሰሳት። ጎኗ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺን ነው ያገኙት? እንዴት አገኟት? ይሄን የምታህል ነገር ብዙ ሰው አያገኝም።»

«ላውንደሪ ነው የምሠራው።»

«ምን አገናኘው?»

ስለ ኪስና ስለ ገበር ነገርኩት። እየሰማ ፈገግ አለ። እኔ ግን ዓይኔ ጋዋኑ ላይ ነበር፤ የሥራ ነገር ሆኖ እድፍ ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

«እጅጌዎ ላይ ያለው አዮዲን ነው አይደል?»

«ነው። አልለቅ ብሎኝ ሁለት ወሩ።»

«በሙቅ ውሃ አጥበውት ነዋ!»

«እንዴት አወቁ?»

«ሙቅ ውሃ የነካው አዮዲን እንዲህ ይጣበቃል። ያምጡልኝ።»

ሳቀ። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ትንሽ ቀዳ፤ ድቡሼ ጮኸች፣ እኔ ከእሷ በላይ ጮኽኩ። ናሙናው የሚመረመረው ሌላ ቦታ ስለሆነ ውጤቱ የሚደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው አለኝ።

«ትሞታለች?»

«ሁላችንም እንሞታለን። የእሷ ተራ ዛሬ አይመስለኝም።» ካርዱ ላይ እየጻፈ ጠየቀኝ፦ «ብቻዋን ናት?»

«ከእኔ ጋር ናት።»

«ማለቴ የራሷ ዓይነት የላትም ወይ? እነዚህ ብቻቸውን መኖር አይችሉበትም።»

«እኔም የራሴ ዓይነት የለኝም። ተላምደናል።»

ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። ከዓይኑ የማመልጥበት ቦታ ፈልጌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የላም ሥዕል አየሁ፤ ሥዕሉን ጨርሼ ስመለስ አሁንም እያየኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ጋዋኑን ይዞ ላውንደሪ መጣ። ቅዳሜ አንድ ሸሚዝ ይዞ መጣ። በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ሌላ ሸሚዝ፣ ረቡዕ ደግሞ ሌላ። መጥቶም ዝም ብሎ አይሄድም። ስለ ድቡሼ ይጠይቃል፣ በላች ወይ፣ ተኛች ወይ። ከዚያ ስለ እኔ ይጠይቃል፤ በላሁ ወይ፣ ተኛሁ ወይ። የሚለው ሲያልቅበት ጠረጴዛዬን ተደግፎ የልብስ ቁጥሮቹን ያነባል።

አብራኝ የምትሠራው ባለካውያዋ ከእኔ አሥር ዓመት ትበልጣለች፤ አፏ ደግሞ ከካውያዋ ይተኩሳል። ረቡዕ ሐኪሙ እንደወጣ ሸሚዙን ከእጄ ነጥቃ በመብራት አየችው።

«አንቺ፣ እድፉ የታለ?»

«ፈልጌ አጣሁ።»

«ንጹህ ነው! ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ የመጣ ነው። ንጹህ ልብስ የሚያሳጥብ ወንድ ዛሬ አየሁ!»

«አቧራ ይኖረው ይሆናል።»

«አቧራስ ዓይንሽ ላይ ነው ያለው» ብላ ሸሚዙን ወረወረችልኝ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የገባኝ። እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። ይሄ ሰው ለምን እንዲህ ደግ ሆነብኝ? ለምንስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል? አንድ ነገር ቢያውቅ ነው። ሊነግረኝ ይመጣል፣ ሲያየኝ አንጀቱ አይችልም፣ ሸሚዙን አስቀምጦ ይሄዳል። ቤት ገብቼ ድቡሼን ስዳስሳት እብጠቱ ያው ነው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አለመጨመሩን ራሱ ፈራሁት። አድፍጧል አልኩ።

ውጤቱ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ባለካውያዋ ምሳ ወጥታ ሳለ ሐኪሙ መጣ። ውጭ እያካፋ ነበር፤ ትከሻው ረጥቧል። በእጁ ምንም ልብስ አልያዘም። ደጋግሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ጥግ ያለውን ወንበር ስቦ አጠገቤ አስቀመጠልኝ።

«ቢቀመጡስ። ልነግርዎ የምፈልገው ነገር ነበር።»

ወንበሩን አየሁ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ፣ ያ ነጭ ክፍል ውስጥ ገባሁ።

«አይንገሩኝ!» አልኩት።

«ምን?»

«አውቄዋለሁ። ሲመላለሱ ነው ያወቅኩት። መስማት አልፈልግም።»

ፊቱ ቀላ። «አውቀውታል?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አቅሙ የለኝም፣ እባክዎ። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። በዚህ ነገር ተመልሰው አይምጡብኝ።»

ዝናቡ የበሩን መስታወት ይመታል። ከዚያ ወንበሩን አንስቶ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ ወደ ነበረበት ጥግ መለሰው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማስጨነቄን አላወቅኩም ነበር» አለና ወጣ።

ዓርብ ለውጤቱ አልሄድኩም። ስልኬ ላይ የማላውቀው ቁጥር ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ሦስቱንም ጊዜ ትራስ ሥር ቀበርኩት።

የቀጣዮቹን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንደገፋኋቸው እንጃ። ድቡሼን አስታመምኳት። ከሁሉ ለስላሳውን ሰላጣ መረጥኩላት፣ ካሮት ልጬ ሰጠኋት፣ የልጄን የሕፃንነት ፎጣ አነጠፍኩላት። እሷ ትበላለች፣ የላስቲክ ኮሽታ ስትሰማ እንደ ፉጨት ትጮኻለች፣ እያደር ትወፍራለች። «ሊሞት ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ይበላል» እል ነበር ለራሴ። ልጄ ስትደውል «ደህና ናት» እላለሁ።

«አንቺስ እማ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ?»

«ድምፅሽ ሰው እንደለቀቀው ቤት ያስተጋባል።»

«መስመሩ ነው» አልኳት።

መስመሩ አልነበረም። ሥራ ቦታ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ከደረቴ ዘሎ ይወጣና ሌላ ሰው ሲሆን አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። የሐኪሙ ሦስተኛ ሸሚዝ ከነቁጥሩ መስቀያው ላይ ቀርቷል። ሰው በሌለበት ጊዜ እጅጌውን እዳስሳለሁ። ምን እንደምፈልግበት አላውቅም። የፈራሁት የድቡሼን ሞት ነበር፤ ያጣሁት ግን ሌላ ነገር መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ሸሚዝ ሥር ቆሜ ነው።

አንድ ቀን ባለካውያዋ እጄን እጅጌው ላይ ያዘችኝ።

«ያ ንጹህ ሰውዬሽ የት ገባ?»

«አባረርኩት።»

«ምን አድርጎሽ?»

ነገርኳት። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሐሙስ፣ «አውቄዋለሁ» ስላልኩት። እየሰማች ካውያዋን አስቀመጠች። በሥራ ሰዓት ካውያ ስታስቀምጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ውጤቱ መቼ ነበር የሚመጣው?»

«ዓርብ።»

«እሱ የመጣውስ?»

«ሐሙስ።»

«እና ያልመጣ ውጤት ከየት አምጥቶ ሊነግርሽ ነው? ጠንቋይ ነው?»

«ቀድሞ ደርሶ ይሆናላ።»

«እትዬ ወየው! ሐኪም ለአንዲት ድቡልቡል ብሎ ንጹህ ሸሚዝ ሲያመላልስ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽ። ሰውዬው ወደደሽ!»

ያን ጥግ ያለውን ወንበር ራሴ ስቤ ተቀመጥኩበት።

«ወየው» አልኩ።

«እንዲያ በይ። ሸሚዙን ያዢና ሂጂ።»

በማግስቱ ድቡሼን በቅርጫት፣ ሸሚዙን በክንዴ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን እስክጨርስ ሁለት ጊዜ ለመመለስ ዞሬያለሁ። አሁን የምፈራው ውጤት ሁለት ሆኗል። ድቡሼ ታማ ይሆናል። እሱ ደግሞ ተቀይሞ፣ ረስቶኝ፣ ወይ ሌላ ሰው አግኝቶ ይሆናል። ምናልባትም ባለካውያዋ ተሳስታ፣ ሰውዬው በተፈጥሮው ደግ ብቻ ይሆናል። ከሁሉ ይሄኛው የባሰ መሰለኝ።

ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከዚያ በጥድፊያ በመነሳቱ ያፈረ ይመስል ረጋ ብሎ ቆመ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ፤ ጨዋ፣ ሩቅ ድምፅ ነበር። «ቀኑ አልፎብዎታል። ረዳቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች።»

«ውጤቱን ይንገሩኝ።»

«ይቀ—» አለና አፉን ያዘ። ወንበሩን ሊስብ የዘረጋውን እጅ መለሰው። «ስብ ነው። ተራ ስብ። አይጎዳትም፣ መቆረጥም አያስፈልገውም።»

«ስብ?»

«ስብ። ካሮቱን ቀነስ ያድርጉላት።»

አለቀስኩ። ለድቡሼ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቆሜ፣ ቅርጫቱን እንደታቀፍኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣልኝ ደህና ውጤት አለቀስኩ። እሱ የወረቀት ፎጣ አቀበለኝና ራቅ ብሎ ቆመ። ካርዱን ሞላ፤ ጨርሶም እንደገና አነበበው። እዚያ ላይ «ደህና ይሁኑ» ብል ታሪኩ ያልቅ ነበር።

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ንጹህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ካርዱን እያየ።

«ሌሎቹም ንጹህ ነበሩ።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ዕለት አውቄዋለሁ ያልኩዎት…» አልኩ ቅርጫቱን እያስተካከልኩ፤ «የድቡሼን ሞት ነው። እሱን ሊነግሩኝ የመጡ መስሎኝ ነው። ወንበር ሳቡልኝ። ባለፈው ጊዜ ሐኪም ወንበር ሲስብልኝ ባሌ…»

እንድጨርስ አልጠበቀም። ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«የድቡሼን ሞት» አለ ለራሱ። «እኔ ደግሞ ሴትየዋን አሳቀቅኳት ብዬ መንገድ ቀይሬያለሁ። በላውንደሪው በር እንዳላልፍ በገበያው ዞሬ ነው ሥራ የምገባው።»

«ምን ነበር ሊነግሩኝ የፈለጉት?»

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«ይንገሩኝ። ዛሬ እሰማለሁ።» በሩ ከኋላዬ ነበር፤ እጀታው ወገቤን ይነካኛል። ግን አልዞርኩም።

ሸሚዙን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አጥፎ መልሶ አስቀመጠው።

«ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ» አለ በመጨረሻ። «እሁድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ሚስቴ ትታኝ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆነ፣ ልጅ የለንም። እሁድ እሁድ ቀኑን ለመግፋት ሸሚዝ አጥባለሁ። እነዚያን ሁሉ ራሴ ነኝ ያጠብኳቸው። አጥቤ ስጨርስ ገና አራት ሰዓት ይሆናል፤ ቀሪውን ቀን ምን እንደማደርገው አላውቅም። እና እርስዎ… እሁድ ምን ይሠራሉ?»

«እፈራለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ያ የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር። «ሙሉ ቀን?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ አርፋለሁ።»

«እንግዲያው በምሳ ሰዓት ልምጣ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እሁድ ደረሰ። ከማለዳ ጀምሮ የማይመጣባቸውን ምክንያቶች ስቆጥር አረፈድኩ። በአስቸኳይ የምትወልድ ላም ትኖራለች። ትኩሳት ይዞት ይሆናል። አስቦበት ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል። ምሳውን ሠራሁ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ግን ያወጣሁት ሳህን አንድ ብቻ ነው። ሁለት አውጥቼ ቢቀርስ? ባዶ ሳህን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያየኝ ሊውል ነው? ሁለተኛውን ቁም ሣጥን ላይ ተውኩት።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል አለፈ። «ይኸው» አልኩ ለድቡሼ። ማንኪያዬን አነሳሁ።

በሩ ተንኳኳ።

ዘልዬ ተነስቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ወደ በሩ መሮጥ አልነበረም፤ በርጩማ ላይ ወጥቼ ሁለተኛውን ሳህን መጎተት ነበር። ሳህኑ ከኋላ ተደብቋል፤ ጣቴ ይነካዋል እንጂ አይጨብጠውም። እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ወደ ደረጃው።

ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«አንተ ሰው፣ እንዳትሄድ!» ብዬ ከበርጩማው ላይ ጮኽኩ። «አለሁ! ሳህን እያወረድኩ ነው!»